ኛቴኒ አልበቃኝም ያለችው ክኒን

ጋምቤላ፣ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ፀጉሯን መሠራት የፈለገች ሴት አድራሻ አትጠይቅም፤ ሳቅ ወደሚሰማበት ትሄዳለች። ኛቴኒ የምትሠራበት ቤት ከእኔ በር ፊት ለፊት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ካስክ፣ ከደጁ ላይ ሰፊ የማንጎ ጥላ። ካስኩ የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው፤ ጥላው ግን ሁልጊዜ ይሠራል፤ ስለዚህ ደንበኞቿ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጡት ውጭ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ። ቤቴ ተቀምጬ የተማሪ ፈተና ሳርም ወሬዋ በመስኮት ይገባል፤ ስንቴ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ብቻዬን እንደሳቅሁ አላውቅም።

ኛቴኒ ኢታንግ የተወለደች ኑዌር ናት፤ አርባን ትንሽ ያለፈች፣ ረጅም፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ደግሞ ያለ ማይክሮፎን ድምጿ የሚሰማ ሴት። አማርኛ የተማረችው ከደንበኞቿ ነው። ስለ ፀጉር፣ ስለ ባልና ስለ ጎረቤት ሐሜት የማታውቀው ቃል የለም። «እርስዎ» የሚለው ቃል ብቻ እስከ ዛሬ አልገባላትም። የቢሮ ኃላፊም ሆነ ፓስተር፣ ለእሷ «አንተ» ነው።

አንድ ቀን ሽታዬ በዚህ ነገር ቆጣ አለችባት። ሽታዬ በወጣትነቷ ለመንግሥት ሥራ ከወሎ መጥታ እዚሁ የቀረች፣ በአንድ የክልል ቢሮ የምትሠራ፣ የኛቴኒ የረጅም ጊዜ ደንበኛ ናት።

«ትልቅ ሰው አንተ አይባልም» አለቻት።

«እትዬ ሽታዬ፣ ስትጸልዪ እግዜርን ምን ብለሽ ትጠሪዋለሽ?»

ሽታዬ ትንሽ አሰበችና «አንተ» አለች።

«በቃ! ኃላፊሽ ከእግዜር ይበልጣል?»

ከዚያ ወዲህ ሽታዬ ይህን ነገር አላነሳችም።

ሽታዬ ጡቷን በካንሰር ምክንያት ቀዶ ጥገና የተደረገች ናት። ይህን አትደብቅም። ጠዋት ጠዋት አንዲት ክኒን ትውጣለች፤ ቢሮም ሆነ ፀጉር ቤት፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል ከቦርሳዋ አውጥታ ጉርስ ታደርጋታለች። ኛቴኒም ይህን ስለምታውቅ ነው መሰለኝ፣ አንድ ቅዳሜ የሽታዬን ሹሩባ እየሠራች እንደ ዋዛ ጡቷን አመልክታ እንዲህ አለቻት።

«እኔም እዚህ ጋ አንድ ነገር አለኝ። እንደ ለውዝ። አያምም።»

ሽታዬ ከወንበሩ ብድግ አለች። ግማሽ ራሷ ተጎንጉኖ ግማሹ እንደተበተነ ነበር። «አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለች። ኛቴኒ «እንዴ፣ ልጨርስልሽ እንጂ» ብትልም የሚሰማት አላገኘችም። ሽታዬ ባጃጅ አስቁማ እየገፋች አስገባቻት። በዚያ ቀን ሐኪም ቤት የነበሩ ሰዎች የትኛዋ እንደታመመች ለመለየት ተቸግረው ነበር ይባላል፤ ነርሷ መጀመሪያ የያዘችው የሽታዬን እጅ ነው።

ለውዟ ካንሰር ሆነች። ከጋምቤላ ወደ ጅማ ተላከች፤ ጅማ ላይ መጀመሪያ በደም ሥር የሚሰጠውን ኬሞ ጀመረች። ፀጉር እንደሚረግፍ ሲነግሯት እኛ ሰጋን፤ ራሰ በራ ፀጉር ሠሪ ጋ ማን ይመጣል? እሷ ግን እስኪረግፍ አልጠበቀችም። በባሏ በጋትኬክ እጅ ራሷን በምላጭ ተላጭታ መጣችና ማንጎው ሥር ቆማ ራሷን በመዳፏ እያሻሸች «አዲስ ስታይል ነው፤ የሚፈልግ ወረፋ ይያዝ» አለች። ጋትኬክ ባጃጅ ጠጋኝ ነው። ከእሷም ይረዝማል፤ እሷ በአንድ ጠዋት የምታወራውን እሱ በአንድ ወር አያወራም።

ከዚያ የግራ ጡቷ በቀዶ ጥገና ወጣ። የወጣው ሥጋ ሲመረመር የደም ሥሩ መድኃኒት ያልጨረሰው የካንሰር ቅሪት ተገኘበት። በዚህ ምክንያት ነው ሐኪሟ ዶክተር አቢጋኤል የሚዋጥ ኬሞ ያዘዘችላት። ዶክተር አቢጋኤል ገና ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ትናገራለች፤ ኛቴኒ በዕድሜ ስለምትበልጣት «እርስዎ» ትላታለች። ኛቴኒ ደግሞ «አንቺ» ትላታለች። ሁለቱም በዚህ ተስማምተው ይኖራሉ።

«ክኒኑን ሁለት ሳምንት፣ ጠዋትና ማታ፣ ምግብ በልተው ይውጣሉ» አለቻት ዶክተሯ። «ሦስተኛዋን ሳምንት ያርፋሉ። ይህ አንድ ዙር ይባላል። ስድስት ዙር እንሄዳለን። ሰውነትዎ ከቻለ እስከ ስምንት። ከዚያ ይቆማል።»

ኛቴኒ ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰማችው «ክኒን» የሚለውን ነው። መርፌ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ምንም አይደለም ብላ ተመለሰች። «ይቆማል» የሚለው ቃል ጅማ ቀረ።

የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በጨዋታ አለፉ። የእረፍቷን ሳምንት «ገና» ብላ ሰየመችው። ሳምንቷ ስትገባ ከገበያ ትልቅ የባሮ ዓሣ ታስመጣና «ዛሬ ገና ነው፣ ጥበሱ!» ትላለች። «እናንተ በዓመት አንዴ ታከብራላችሁ፤ እኔ በየሦስት ሳምንቱ። ማን ነው ታዲያ የተባረከው?» እኔም ከዚያ ዓሣ በልቻለሁ፤ ስለዚህ ልከራከራት አልችልም።

በሦስተኛው ዙር መዳፏ ጀመራት። መጀመሪያ ማቃጠል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ቆዳው በስሱ ይላጥ ጀመር። የእግሯ መርገጫም እንደዚያው። ዶክተሯ ይህ ሊመጣ እንደሚችል፣ ከሙቀትና ከጥብቅ ጫማ እንድትርቅ ቀድማ ነግራታለች። ከሙቀት ራቂ ማለት ጋምቤላ ላይ ከአየር ራቂ ማለት ነው። ጋትኬክ አንድ ቃል ሳይናገር ሥራውን ጀመረ። ማታ ማታ እግሯን በቀዝቃዛ ውሃ ይነክርላታል፣ በቫዝሊን ይቀባላታል፣ በላዩ ካልሲ ያደርግላታል። በጋምቤላ ሙቀት ካልሲ! ጠዋት ከቤት እስከ ፀጉር ቤቷ፣ አራት ቤት ለማትሞላ መንገድ፣ ለጥገና በመጣለት የሰው ባጃጅ ያደርሳታል።

በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ሰው ለፋይዳ መታወቂያ ይመዘገብ ነበርና እኔና ኛቴኒ አብረን ሄድን። የእኔ በደቂቃ አለቀ። የእሷን ጣቶች ግን ማሽኑ እምቢ አለ።

«እጅሽን ጥረጊና እንደገና» አላት መዝጋቢው።

ጠረገች። እምቢ አለ። በሌላው እጅ ሞከረች። እምቢ። መዝጋቢው ጎንበስ ብሎ ጣቶቿን አያቸውና ቀና አለ።

«አሻራ የለሽም እኮ!»

ክኒኑ የጣቷን መስመር ሁሉ አጥፍቶታል። ኛቴኒ ለካስ እንዲህ ያለ ነገርም አለ ብላ ጣቶቿን ወደ ብርሃን አንስታ እያገላበጠች አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ተሰለፈው ሕዝብ ዞረች።

«እንግዲህ ዛሬ ባንክ ብዘርፍ የሚያገኘኝ የለም! አብሮኝ የሚሄድ አለ?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። መዝጋቢውም እየሳቀ በዓይኗና በፊቷ መዘገባት፤ ነገሩ አለቀ። ስንመለስ ግን ባጃጁ ውስጥ የጣቶቿን ጫፍ በአውራ ጣቷ እየደባበሰች መጣች። ቤቷ ስንደርስ ሳትወርድ እጇን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «ይሄ ጣት ነው እኮ ያበላኝ» አለችኝ። «እንዴት ይጠፋል?»

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሹሩባ መሥራት አቆመች። ክሩ ጣቷን ይቆርጣታል። ፀጉር ማጠብና ካስክ ሥር ማስቀመጥ ብቻ ቀራት።

አራተኛው ዙር ሲያልቅ ታላቅ ወንድሟ ጩዎል ከኢታንግ ደረቅ ዓሣ ይዞ ሊጠይቃት መጣ። እግሯን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ሕመሙ ተቆርጦ ወጥቷል አይደል?» አላት።

«ወጥቷል።»

«ታዲያ ይሄ መድኃኒት አሁን የሚበላው ማንን ነው? አንቺን ነው።»

ኛቴኒ ነገሩ ልክ መሰላት። የሚያማት እሷ፣ የሚላጠው እሷ፣ ሥራ የፈታችው እሷ። በነጋታው ለሽታዬ «ልተወው ነው» ብላ ነገረቻት።

ሽታዬ የምትወደውን ሰው የምታጽናናው በቁጣ ነው። ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አንቺ በሦስት ወር ነው የሰለቸሽ? እኔ ስውጥ አራተኛ ዓመቴ ነው! አምስት ዓመት ብለውኛል፣ አምስት ዓመት እውጣለሁ። ያ ክኒን ፊቴ ላይ እሳት ሲያነድብኝ፣ ሙቀቱ የኔ ይሁን የጋምቤላ ሳላውቀው ስንቱን ስብሰባ በላብ ተጠምቄ ወጥቻለሁ። አንድ ቀን አቋርጬ አውቃለሁ? አላውቅም!»

ኛቴኒ አፏን ከፍታ ሰማቻት። «አምስት ዓመት?» አለች።

«አምስት ዓመት።»

ያን ቀን ለዶክተር አቢጋኤል ስልክ ተደወለ። ዶክተሯ የእጇን ፎቶ አስልካ አየችና አንድ ሳምንት ጨምረው ይረፉ፣ ከዚያ በኋላ የሚውጡት መጠን ይቀንሳል አለቻት። ኛቴኒ አረፈች፣ ቀነሰች፣ ቀጠለች። መዳፏ ትንሽ ቀለል አላት። ነገሩ የተስተካከለ መሰለን። የሽታዬ «አምስት ዓመት» ግን በኛቴኒ ጆሮ ገብቶ ተቀምጧል፤ ያንን ማናችንም ልብ አላልንም።

ስድስተኛው ዙር እንዳለቀ ከጋትኬክ ጋር ጅማ ሄደች። ጎሬ ላይ ብርዱ ሲቀበላቸው ጋትኬክ ተንቀጠቀጠ፤ እሷ ግን እጇን በአውቶቡሱ መስኮት አውጥታ «ቤት እዚህ እንሥራ» አለችው። ጅማ ሲደርሱ የሆነውን እሷው ራሷ፣ የሁሉንም ድምፅ እየለወጠች፣ ብዙ ጊዜ አጫውታናለች።

ዶክተር አቢጋኤል እጇንና እግሯን አገላብጣ አየች፣ ጠባሳውን መረመረች፣ የደም ውጤቷን አነበበች። ከዚያ ፈገግ አለች።

«ስድስቱን ዙር ጨርሰዋል። እጅና እግርዎ ይህን ያህል ከተጎዳ ሰባትና ስምንትን መግፋት አያስፈልገንም። እዚህ ላይ ይበቃናል። እንኳን ደስ አለዎት።»

«አይ» አለች ኛቴኒ።

«ምን አሉኝ?»

«አልበቃኝም። አልጨረስኩም እኔ። ሽታዬ አምስት ዓመት ነው፤ እኔ አምስት ወር እንኳን የለም። ለምንድን ነው? ከጋምቤላ ስለመጣሁ ነው?»

ዶክተሯ ደነገጠች። ብዙ ሰው «መቼ ይለቀኛል» እያለ የሚለምናት ክፍል ውስጥ «ጨምሪልኝ» የሚል ሰው ገጥሟት የሚያውቅ አይመስልም። ሽታዬ ማን እንደሆነች፣ የክኒኗ ስም ምን እንደሆነ ጠየቀች። ኛቴኒ ስሙን አታውቀውም፤ መልኩን ግን ታውቃለች፤ ነጭ፣ ትንሽ፣ ክብ፣ በቀን አንድ። ዶክተሯ ሳቀችና ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበች።

«እስቲ ይንገሩኝ፤ ጋምቤላ ወባ አለ?»

«ወባማ አብሮን ነው የሚኖር። ኪራይ አይከፍልም እንጂ።»

«ለእሱ የሚሰጠው ኳርተም ስንት ቀን ነው የሚዋጠው?»

«ሦስት።»

«የሳንባ ነቀርሳውስ?»

«ስድስት ወር።»

«የኤችአይቪውስ?»

«ዕድሜ ልክ።»

«ታዲያ ወባ የያዘው ሰው፣ ጎረቤቴ ዕድሜ ልኳን ስትውጥ እኔ ለምን ሦስት ቀን ብቻ ብሎ ይጣላል?»

ዶክተሯ ቀጠለች። የሽታዬ ካንሰር የሚያድገው በሴት ሆርሞን እየተመገበ ነው፤ ክኒኗ ኬሞ አይደለም፣ ሆርሞኑ የሚገባበትን በር በየቀኑ የሚዘጋ ነው፤ ስለዚህ ዓመታት ይወሰዳል። የኛቴኒ ካንሰር ያ በር የለውም። የሽታዬ ክኒን ለእሷ አይሠራም፣ የእሷም ለሽታዬ አልታዘዘም። የእሷ ክኒን ኬሞ ነው፤ የተደበቀውን ሕዋስ ይገድላል፣ ደህናውንም አብሮ ይጎዳል።

«ለሌላ ሰው ሌላ መጠን፣ ሌላ ጊዜ ሊታዘዝ ይችላል» አለቻት። «ለእርስዎ ግን ከዚህ በላይ ብንገፋ ጉዳቱን አውቀዋለሁ፤ ጥቅሙን የሚያሳየኝ ነገር የለም። መድኃኒት ስለበዛ አይበረታም።»

«ገባኝ» አለ ጋትኬክ ከጥግ።

«አንተ ዝም በል» አለችው ኛቴኒ። ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞራ «እሺ» አለች። እሺታዋ ግን የአፍ ነበር።

መጠኑ ሲቀነስ ክኒን ተርፏት ነበር። ያንን ለማንም አልነገረችም። ጋምቤላ እንደተመለሰች የፀጉር መጠቅለያው ቢጉዲን በሚቀመጥበት ካርቶን ውስጥ ከታች ደበቀችውና ጠዋትና ማታ መዋጧን ቀጠለች።

እኛ ምን እናውቃለን? ጨረስኩ ብላለች፤ ዓሣ ተጠብሷል፤ መዘምራኑ መጥተው ዘምረዋል። ሳምንት ሳይሞላ ግን አፏ ቆሰለ። ወጥ መብላት አቃታት። በአንድ ጠዋት ውስጥ ከደንበኛ ፊት ስንት ጊዜ ተነስታ ወደ ጓሮ እንደሮጠች አየሁ።

«ምን ሆነሻል?» ስላት፣

«ማንጎ አበዛሁ» አለችኝ።

ማንጎው ገና ጥሬ ነበር። ይህን ባስብበት ኖሮ ያኔውኑ እነቃ ነበር፤ አላሰብኩም።

የደረሰችባት ሽታዬ ናት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፀጉሯን ታጥባ ተቀምጣ ሳለ ኛቴኒ እንደ ልማዷ ወደ ጓሮ ሄደች። ሽታዬ ጊዜ ለመቆጠብ ብላ ቢጉዲኑን ራሷ ልታወጣ ካርቶኑን ከፈተች። ጩኸቷን ሰምቼ በሩጫ ስደርስ ክኒኑን በአንድ እጇ፣ ቢጉዲኑን በሌላው እጇ ይዛ ኛቴኒን አፋጥጣታለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቢጉዲን።»

«በዚህኛው እጄ!»

ኛቴኒ ተቀመጠች። በዚያ ሰዓት ፊቷን አይቼ ምን ያህል እንደከሳች ገና ገባኝ። ጋትኬክ ተጠራ፤ እጁ በግራሶ እንደተለወሰ መጣ። ሽታዬ ስልኳን አውጥታ ዶክተር አቢጋኤል ጋ ደወለችና ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው።

ዶክተሯ ነገሩን ስትሰማ ቶሎ ቶሎ ጠየቀች፤ ስንት ቀን ሆነ፣ ትኩሳት አለ ወይ፣ ተቅማጡ በቀን ስንት ጊዜ ነው። «ከአሁን ጀምሮ አንዲትም አይውጡ» አለች። «ዛሬውኑ ሆስፒታል ሄደው ደም ይመርመሩ፤ ፈሳሽ ይሰጡዎታል። ውጤቱን ይደውሉልኝ።» ድምጿ ቁጣ ነበረው። ቆይታ ግን ረገብ አለች።

«እሺ፣ አሁን ይንገሩኝ። ለምን?»

ኛቴኒ ስልኩን አየች፣ እኛን አየች። ስትመልስ የምናውቀው ጨዋታዋ አልነበረም።

«ስውጠው ደጃፌ ላይ ሰው ቆሞ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል። ያማል፤ ግን ሲያም ሥራ ላይ ነው እላለሁ። አሁን ሳቆም… ማን ነው የሚጠብቀኝ?»

ሽታዬ የያዘችውን ቢጉዲን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ፍርሃት የሚያቆም ክኒን የለኝም» አለች ዶክተሯ። «ተመልሶ አይመጣም ብዬም አልዋሽዎትም። አብዛኛው ሥራ ተሠርቷል፤ ቀሪው መጠበቅ ነው። መጠበቁን አብረን እናደርጋለን። በየሦስት ወሩ ይመጣሉ፤ እኔ አያለሁ። በመሃል አዲስ እብጠት፣ የማይለቅ ሳል ወይም የአጥንት ሕመም ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ይደውሉልኝ።»

«አንቺ ራስሽ ነሽ የምታይኝ?»

«እኔ ራሴ።»

«እሺ» አለች ኛቴኒ። «ስልክሽን ግን አንሺ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሽታዬ ማልቀስ ጀመረች። «አምስት ዓመት እያልኩ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለች። ያጽናናቻት ታማሚዋ ናት። ጋትኬክ በበኩሉ የተረፈውን ክኒን ሰብስቦ ተነሳ።

«ወዴት ነው?» አለችው ሚስቱ።

«ባሮ ልጥለው።»

«አዞው ምን አደረገህ? እሱ ካንሰር የለበት!»

ሽታዬ እያለቀሰች ሳቀች፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት ወንዝም ጉድጓድም እንደማይጣል፣ ለሆስፒታሉ ፋርማሲ እንደሚመለስ ተናገረች። ሁሉም በአንድ ባጃጅ ሄዱ፤ ክኒኑ ፋርማሲ ገባ፣ ኛቴኒ አልጋ ያዘች። ሁለት ከረጢት ፈሳሽ ወስዳ በማግስቱ ወጣች። ደሟ ትንሽ ወርዶ ነበር፤ ቀስ እያለ ተመለሰ።

እጇ ለመዳን ጊዜ ወሰደ። አዲስ ቆዳ መጣ፣ መቃጠሉ ቀረ፣ ጣቶቿ ግን ለተወሰነ ጊዜ እንደ ሌላ ሰው ጣት ነበሩ፤ የት እንደሚሄዱ አያውቁም። የመጀመሪያውን ሹሩባ እኔን ልትሠራኝ ብትፈልግ ትምህርት ቤት አለብኝ ብዬ አመለጥኩ። ሽታዬ ተቀመጠችላት። መስመሮቹ ከግንባር ተነስተው እንደ ባሮ እየተጠማዘዙ አንገቷ ላይ ወረዱ። ሽታዬ በዚያ ሹሩባ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ሄደች፤ የጠየቃትን ሁሉ «ፋሽን ነው» አለችው። ወር ሳይሞላ መስመሩ ተቃና፤ ወረፋውም ተመለሰ።

በሚቀጥለው ዓመት ሽታዬ አምስተኛ ዓመቷን ደፈነች። የመጨረሻዋን ክኒን የምትውጥበትን ቀን ለሁላችን ነግራ ነበር። ከሐኪሟ ስትመለስ ግን ፊቷ ጠቁሯል፤ ያንቺ ሕመም የብብት ንፍፊትሽ ጋ ደርሶ ስለነበር ብትቀጥዪ ይሻላል፣ ምናልባትም እስከ አሥር ዓመት ብሏታል። ኛቴኒ መጀመሪያ ሳቀች፣ የሽታዬን ዓይን ስታይ አቆመች፣ አጠገቧ ተቀመጠችና ትከሻዋን አቀፈቻት።

«እኔ አልበቃኝም ስል በቃሽ አሉኝ። አንቺ በቃኝ ስትይ ቀጥዪ አሉሽ። እነዚህ ሰዎች ተቀያይረንባቸዋል እንዴ?»

«ተዪኝ» አለች ሽታዬ፤ ግን ከንፈሯ ፈገግ ማለት ጀምሮ ነበር።

«ጠይቀሻቸዋል? ለምን እንደሆነ ነግረውሻል?»

«ነግረውኛል።»

«ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«እንግዲህ ዋጪ። አጠገብሽ ነኝ።»

አሁን ኛቴኒ ክኒኑን ካቆመች ሁለት ዓመት አልፏታል። ጅማ ትመላለሳለች። ከመሄዷ በፊት ባሉት ቀናት ትቀዘቅዛለች፤ ዘፈን የለ፣ ቀልድ የለ፤ ደንበኞቿም ስለሚያውቁ ጨዋታ ሳይጠብቁ ፀጉራቸውን ተሠርተው ይሄዳሉ። ያ ፍርሃት አልለቀቃትም፤ እሷም እንደለቀቃት አታስመስልም። ስትመለስ ግን ገና ከባጃጁ ሳትወርድ ድምጿ ይቀድማታል፤ ያኔ ውጤቱ ደህና መሆኑን ሳንጠይቅ እናውቃለን።

በመጨረሻው ጉዞዋ ምርመራው ካለቀ በኋላ ዶክተር አቢጋኤልን ትክ ብላ አየቻት።

«ይሄን ፀጉርሽን ማን ነው የሠራሽ?»

«ራሴ ነኝ፤ ጊዜ የለኝም።»

«ያስታውቃል። ነገ እሑድ ነው፤ ወዳረፍንበት ነይ።»

ዶክተሯ ሳቀች፤ የምትመጣ አልመሰላቸውም ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግን ያረፉበት ፔንሲዮን ድረስ ነጠላ ጫማ አድርጋ መጣች። ኛቴኒ በረንዳው ላይ መቀመጫ ዱካ አስቀመጠችላት፣ ማበጠሪያዋን አወጣች፣ ፀጉሯን ከመሃል ከፈለችው።

«አንገትሽን ቀና አድርጊ» አለቻት። «ሲያምሽ ንገሪኝ።»

ዶክተሯ ቀና አለች። ጋትኬክ ሻይ አዞ አመጣላቸው። ኛቴኒ ስለ ኢታንግ፣ ስለ ወንድሟ ስለ ጩዎል፣ ስለ መዘምራኑ ጠብ እያወራች ጎነጎነች፤ ዶክተር አቢጋኤልን መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።